አምፖሏ ጠፍታ ነበር

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ከጃኬቱ ኪስ አንዲት ትንሽ አምፖል አወጣና በጋራዡ የሥራ ጠረጴዛ ላይ፣ በፒንሳዎቹና በሽቦ ቁርጥራጮቹ መሀል አስቀመጣት። የመኪና ቁልፉንም አጠገቧ ጣለው። እንዴት አደርክ እንኳን አላለም።

«አምፖሏን ነቅዬ ነው መኪናውን የቆለፍኩት» አለ። «ስምንት ቀን ሙሉ ማንም አልገባበትም። ቁልፉ ከዚህ ኪሴ አልወጣም። ባትሪው አዲስ ነው፤ በእጄ ገዝቼ በእጄ ነው ያሰርኩት። ትናንት ሊገዛ የመጣ ሰውዬ እስቲ ጀነሬተሩን አስነሣው ቢለኝ፣ ጭጭ። እና አዋቂው፣ አሁንስ ማን ሳያጠፋ ሄደ ልትለኝ ነው?»

«አዋቂው» የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ቅጽል ስም ነው። የመኪናውን ኮፈን ሳይከፍት፣ ሞተሩ ሲያስል ብቻ ሰምቶ በሽታውን ስለሚናገር ደንበኞቹ ያወጡለት ነው። እሱም «ኧረ ተዉኝ» እያለ ይሽኮረመማል እንጂ ስሙን ጠልቶት አያውቅም። ከአሥር ብልሽት ዘጠኙን ይመታል። አሥረኛውን የሳተበት ሰው ሌላ ጋራዥ ሄዶ ስለሚያሠራ፣ መሳቱን የሚነግረው አልነበረም።

ሹፌሩ ግን ሌላ ጋራዥ የሚሄድ ሰው አይደለም። የኤሌክትሪሺያኑ ታላቅ እህት ባል ነው። ነገሩም ገና ከአፉ ሳይጨርስ ለኤሌክትሪሺያኑ ገብቶታል። አምፖሏ ተነቅላ ባትሪው ካለቀ፣ ድሮም ባትሪውን የጨረሰችው አምፖሏ አልነበረችም ማለት ነው። አምፖሏ ካልሆነች ደግሞ እህቱ ምንም አልረሳችም ማለት ነው።

ውጭ የቆመው መኪና አልጋም፣ ምድጃም፣ ፍሪጅም፣ መታጠቢያም አለው። የሠፈሩ ልጆች ቤቱን አዝሎ ስለሚሄድ «ቀንድ አውጣው» ይሉታል። ሦስት ቦታ ባትሪ አለው፤ አንዱ ለመኪናው ሞተር፣ አንዱ ለቤቱ መብራት፣ ሦስተኛው ከሆዱ ሥር ተቀምጦ ጀነሬተሩን ለማስነሣት ብቻ። ከዚህ ከሦስተኛው ባትሪ የምትበላ አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ በሩ ላይ፣ ከመርገጫው በላይ ያለችው አምፖል። ቢያንስ ኤሌክትሪሺያኑ የሚለው እንደዚያ ነበር።

መኪናውን የፈለገችው እህቱ ናት። «እታለም» ነው የሚላት። ጡት አላጠባችውም እንጂ ያሳደገችው እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆማ፣ ሐኪሙ ራሱ መልሶ የማያነበውን የሐኪም ጽሑፍ ስታነብ የኖረች ሴት ነች። በዚህ ሁሉ ዘመን የተመኘችው አንድ ነገር ነው፤ ሐይቅ ዳር ተኝቶ መነሣት፣ ያውም በራሷ አልጋ ላይ። ባሏ ጡረታ ሲወጣ ቀንድ አውጣውን ገዙ፤ እሷ ከሥራዋ በየወሩ ጥቂት ቀን ፈቃድ እየወሰደች ሊዞሩ።

በመጀመሪያው ጉዞ ሐይቁ ዳር ደርሰው ጀነሬተሩን ቢያስነሡት እምቢ አለ። ፍሪጁ ሞቀ፣ ሥጋው ሸተተ፣ ተመለሱ። ኤሌክትሪሺያኑ ባትሪውን ሞላው፤ ጠዋት በጋራዡ ጣሪያ ሥር አምስት ደቂቃ ለክቶ «ምንም የለበትም» አለ። በሁለተኛውም ጉዞ ያው ሆነ። ከሦስተኛው ሲመለሱ እሱ ራሱ ግቢያቸው ድረስ ሄዶ መኪናውን አንዴ ዞረው፣ አልለካም፣ በሩ ላይ ያለችውን አምፖል በጣቱ ጠቆመ።

«ይቺ ናት። የሆነ ሰው ሳያጠፋት ይሄዳል።»

የሆነ ሰው ማለት ማን እንደሆነ ሦስቱም ያውቁ ነበር። ሹፌሩ መሪው ላይ ነው የሚቀመጠው፤ በሩን ዘግታ የምትወጣው ሁልጊዜ እሷ ናት።

«አጥፍቻታለሁ» አለች እታለም።

«እማማም እኮ አጥፍቻለሁ ነበር የምትለው» አለ ወንድሟ እየሳቀ።

እናታቸው በመጨረሻ ዘመኗ ባዶ ድስት ሥር እሳት ለኩሳ ትሄድና አጥፍቻለሁ ብላ ትምል ነበር። ኋላ ኋላ ይቺኑ የወለደቻትን፣ የምታጎርሳትን ልጇን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እና በዚያ ግቢ ውስጥ ከቆሙት ከሦስቱ ሁለቱ ሳቁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እሱ ግን ወለም እንዳለውም አላወቀ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

እታለም አንድ ነገር ጠይቃው ነበር፤ እዚያው ሻዩን ስትቀዳለት። «ከቀትር በኋላ ግድግዳው ውስጥ የሚጮህ ነገር አለ፣ ጥዝዝ የሚል። ምንድን ነው?» አለችው። «ጆሮሽ ነው እታለም፣ ስድሳ እየተጠጋሽ እኮ ነው» አላት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማወቅ አዋቂ መሆን አያሻም። እታለም የምድጃውን ቁልፍ ሦስቴ እያየች፣ ከመንገድ እየተመለሰች በሩን እየገፋች፣ የምታጠፋውን ሁሉ ከነሰዓቱ እየጻፈች ደብተር በደብተር ላይ መሙላት ጀመረች። በስድስተኛው ወር ሥራዋን ለቀቀች። «የትልቅ ሰው መድኃኒት ለሕፃን ብሰጥስ? አንድ ቀን መርሳቴ አይቀርም» አለች። ማንም ተይ አላላትም። ወንድሟ እንዲያውም «ጥሩ አድርገሻል፣ እረፍት ያስፈልግሻል» ብሏታል። ቀንድ አውጣውም ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀረ፤ ይኸው አሁን ሊሸጥ ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ አምፖሏን ከጠረጴዛው ላይ አነሣና «ጋሼ፣ ቁጭ በል» አለ። «ዛሬ በግምት የለም። እለካለሁ።»

ያለቀውን ባትሪ አውጥቶ ከመደርደሪያው የተሞላ ባትሪ አስገባ። አምፖሏን ቦታዋ መለሳት። ከዚያ የኔጋቲቩን ገመድ ከባትሪው ራስ ፈትቶ፣ በገመዱና በባትሪው መሀል መለኪያውን አስገባ። ከባትሪው የሚወጣ ሁሉ እንግዲህ በዚህ በር ማለፍ አለበት፤ ሌባ ካለ ሲወጣ ይታያል። አምፖሏን ቢያበራት ቁጥሩ ብድግ አለ። ቢያጠፋት ዜሮ። ድጋሚ አበራት፣ አጠፋት። ዜሮ ነው።

ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ እጁን ይጠርግ ነበር። ምንም የማይበላ መኪና ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ የሰው ነው፣ አለቀ። አሁን ግን አጠገቡ የዘይት ባልዲ ገልብጦ የተቀመጠው ሹፌር ዓይኑን ከቁጥሩ ላይ አልነቀለም።

«በስምንት ቀን ዜሮ እየበላ ባትሪ ይጨርሳል?» አለ ሹፌሩ።

«አይጨርስም።»

«ታዲያ?»

«እንጠብቃለን።»

አንድ ሰዓት ጠበቁ። ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ሌላ ደንበኛ መጣ፣ ነገ ና ተባለ። ሹፌሩ ሳል እንደያዘው ሰው ጉሮሮውን እየጠራረገ ቆየና «እዚህ ጥሩ ጥላ አላችሁ» አለ፣ ለወሬ ያህል። «የእኛ ግቢ እኮ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ነው። ቀንድ አውጣው ውስጥ ቀትር ላይ ገብተህ እንጀራ ባይሆን እንኳን እንቁላል ትጠብሳለህ።»

ኤሌክትሪሺያኑ ቀና አለ። በሃያ ስድስት ወር ውስጥ ይህን መኪና የለካው በጠዋትና በጥላ ብቻ ነው። «ተነሣ ጋሼ፣ ፀሐይ ላይ እናውጣው» አለ።

መኪናውን ከጣሪያው ሥር አውጥተው የጎን ግድግዳውን ለፀሐይ ሰጥተው አቆሙት፤ መለኪያውን መልሶ አሰረ። ስድስት ሰዓት ሆነ። የመኪናው ቆርቆሮ እጅ አላስነካ አለ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ዜሮው ሁለት ሆነ። ሁለት አምፔር። የቆመ መኪና፣ የተዘጋ በር፣ የጠፋች አምፖል፣ ሁለት አምፔር። በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት እንዲህ ከጠጣ በአራት በአምስት ቀን ባትሪውን ጭልጥ ያደርገዋል።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀለ። አንዱን ሲነቅል ቁጥሩ ሁለት ነው፤ ሁሉንም ነቅሎ ሲጨርስም ሁለት ነው። ሌባው በፊውዝ በር አልገባም ማለት ነው፤ አንድ ሰው በጓሮ አስገብቶታል። ፋብሪካ እንዲህ አያስርም። እንዲህ የሚያስረው የቸኮለ ሰው ነው። ያኔ ነው ድምፁን የሰማው፤ ከፍሪጁ ኋላ፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ ጥዝዝ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። የፍሪጁን የውጭ መስኮት በካቻቢቴ ፈታና አንገቱን አስገባ። አንዲት ከድሮ መኪና የወጣች ማራገቢያ እየዞረች ነበር፤ ሙቀት ሲሰማት በራሷ የምትነሣ፣ ሲበርድ በራሷ የምትተኛ። ቀይ ሽቦዋ ወለሉን ሰንጥቆ በቀጥታ ወደ ጀነሬተሩ ባትሪ ይወርዳል። ሽቦው ላይ መቀጠያ አለ፤ ከጥቁሩ ፕላስተር ሥር አንዲት ትንሽ ቋጠሮ አበጥ ብላ ትታያለች።

ቋጠሮዋን አወቃት። ሽቦ ሲቀጥል ከፕላስተሩ በፊት አንድ ቋጠሮ ያስራል፤ መኪና ሲናጥ እንዳይላቀቅ ብሎ ሙያውን ያስተማረው ሰው ያሳየው ነው። በከተማው ሌላ እንዲህ የሚያስር የለም፤ ካለም ከእሱ የተማረ ነው። ፊርማውን ያየ ያህል ነው።

ከዚያ ሁሉም መጣለት። ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ነበር፣ ሹፌሩ ገበያ በሄደበት። እታለም ፍሪጁ በደንብ አይቀዘቅዝልኝም ብላው፣ ይቺን ማራገቢያ አምጥቶ ከጀርባው ገጠመላት፤ ሲሞቅ በራሷ እንደምትነሣ ግን አልነገራትም። ኤሌክትሪኩን ከቤቱ ባትሪ ለማምጣት ወለል ማንሣት ነበረበት፤ የጀነሬተሩ ባትሪ ግን ክንድ ያህል ነው የሚርቀው። «ለጊዜው ከዚህ ልሰካት፣ በሚቀጥለው ሳምንት መጥቼ በደንብ እሠራታለሁ» አለ። እሷም እጁ ላይ ውሃ እያፈሰሰችለት መረቀችው። የሚቀጥለው ሳምንት ሳይመጣ ሁለት ዓመት አለፈ። በዚያ ቤት አንድ ሰው ረስቶ ነበር፤ የረሳው እሱ ነው።

«ምንድን ነው?» አለ ሹፌሩ ከኋላው።

አንገቱን ከመስኮቱ አላወጣም። ኤሌክትሪኩ ጀነሬተሩ ውስጥ ሾልኮ ነው ቢለው ሹፌሩ ያምነዋል። ይህ ሰው ከአዋቂው አፍ የወጣውን ሳያምን ቀርቶ አያውቅም፤ መከራው የመጣውም ከዚያ ነው። ሽቦውን ቆርጦ ኪሱ ቢከተው ማንም አያይም። ሆዱ ግን ያያል። ደግሞ እታለም ምንም እንዳልረሳች ማን ይነግራታል?

«የእኔ ሽቦ ነው ጋሼ» አለ። «እኔ ነኝ ያሰርኩት። አስሬም ረሳሁት።»

ሹፌሩ ቀርቦ ማራገቢያዋን አየ። ኤሌክትሪሺያኑ ይሰድበኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ቢሰድበው በወደደ።

«እኔ ከኋላዋ እየሄድኩ ነበር የማየው» አለ ሹፌሩ ቀስ ብሎ። «እሷ ምድጃውን አጥፍታ ስትወጣ እኔ ገብቼ አይ ነበር። እንደማየው ታውቃለች። አንድ ቀን እንኳን በርቶ አላገኘሁትም፣ ግን ማየቴን አልተውኩም። አዋቂው ብሏል ብዬ።»

«እኔ ልንገራት።»

«አንተ ነህ እንጂ የምትነግራት። እኔ በምን አፌ።»

ኤሌክትሪሺያኑ ፊውዞቹንና የባትሪውን ገመድ ወደ ቦታቸው መለሰ፤ ቀንድ አውጣውን ሹፌሩ እየነዳ ወደ ቤት ሄዱ። እታለም ከሳሎኑ ጠረጴዛ አጠገብ መነጽሯን አድርጋ የልብስ ቁልፍ ትተክል ነበር። ምድጃው ላይ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ፣ የውሃው ቧንቧ ላይ በእጅ ጽሕፈቷ የተጻፉ ትንንሽ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። ከዚህ በፊት መቶ ጊዜ አይቷቸዋል። ዛሬ ማንበብ አቃተው።

«ምነው ማሙሽ፣ አመመህ?» አለችው። ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል፤ ለእሷ ግን ማሙሽ ነው።

«እታለም፣ አጥፍተሻት ነበር።»

«ምኑን?»

«የበሩን አምፖል። ሦስቱንም ጊዜ አጥፍተሻት ነበር። ባትሪውን የጨረሰው እኔ ያሰርኩት ሽቦ ነው፤ ያቺ የፍሪጁ ማራገቢያ። ቀትር ላይ ሲሞቅ በራሷ ትነሣለች። እኔ ጠዋት እየለካሁ… አንቺ ምንም አልረሳሽም። እኔ ነኝ የረሳሁት።»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። መነጽሯን አወለቀች። የታመመ ሰው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሲነግራት ትሰማው እንደነበረው ሁሉ ሰማችው።

«ያ ድምፅ» አለች።

«አዎ።»

«ነግሬህ ነበር።»

«ነግረሽኝ ነበር።»

«ጆሮሽ ነው አልከኝ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ተነሥታ ከመሳቢያው ውስጥ ካሉት ደብተሮች የታችኛውን፣ ጫፉ የተቀዳደደውን አወጣችና የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ ሰጠችው። ከሁለተኛው ጉዞ በኋላ ባሏ ትንሽ ሲያጉረመርም የጀመረችው ነው። የሦስተኛው ጉዞ ቀን ተጽፏል። «የበሩ አምፖል ጠፍታለች። በእጄ ዳሰስኳት፣ ቀዝቃዛ ናት። ድጋሚ አየሁ። ጠፍታለች።»

«ይሄ በእጅሽ እያለ ለምን አላሳየሽንም?» አለ።

«ባትሪው አለቀ አይደል? እማማም እኮ ትምል ነበር። ጽፌው ሳለ ካለቀ፣ መጻፌን እንጂ ማጥፋቴን በምን ልመን? አንተ ደግሞ በሙያህ ተሳስተህ አታውቅም።»

ይህን ስትል በምጸት አልነበረም። በምጸት ብትለው ኖሮ ይቀለው ነበር። ጉልበቷ ሥር ወድቆ ይቅር በይኝ አላት፤ ራሱን ዳበሰችው፣ ተነሥ ወለሉ ይቀዘቅዛል አለችው። እሱም ተነሥቶ፣ መድኃኒት ቤቱ ነገ ሄዶ ነገሩን እንደሚያስረዳ፣ ደስ ብሏቸው እንደሚቀበሏት፣ በጥድፊያ ይዘበዝብ ጀመር።

«ተው ማሙሽ» አለች። «እኔ አሁን የራሴን የደም ግፊት ክኒን ሰባቴ ነው የምቆጥረው። ሰባቴ የምትቆጥር ሴት ፊት በሽተኛ አይሰለፍም።» ትንሽ አሰበችና «ይልቅ ድምፁን አሰማኝ» አለች።

ቀንድ አውጣው ደጅ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ከገባችበት ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ትራሱን በመዳፏ አስተካከለች። ጥዝዝ ይላል። ጆሮዋን ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርጋ ሰማችው፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣ። «ይኸው ነው። አላበድኩም» አለች።

ከዚያ እሱ በውጭ ዞሮ ቀዩን ሽቦ በፒንሳ ቆረጠው። ድምፁ ጸጥ አለ። ሹፌሩ መሪው ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። ወደ ሐይቁ እንሂድ ሊላት ጀምሮ ነበር፤ ግን ተወው።

እታለም ልትወርድ በሩ ጋ ደረሰች። አምፖሏን አበራቻት፣ አጠፋቻት። መርገጫውን ወርዳ ሁለት እርምጃ ሄደችና ተመለሰች። ማጥፊያውን በጣቷ ነካችው። ወረደች። በሩ ጋ ቆማ አሰበች፤ ደግማ ወጣችና አምፖሏን በእጇ ዳሰሰች። ወንድሟ ፒንሳውን እንደያዘ ከመርገጫው ሥር ቆሞ ይጠብቃል። እታለም ተይ፣ ሽቦው እኮ ተቆርጧል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ሊላት ፈልጓል፤ ግን ሁሉንም ብሎ ጨርሷል።

ከቀሚሷ ኪስ አዲሱን ደብተርና እርሳስ አወጣች። ሰዓቷን አየች። ልትጽፍ ስትል እርሳሱን ከወረቀቱ ቀና አደረገችና ወደ እሱ ዞረች።

«ጠፍታለች አይደል?»

«ጠፍታለች፣ እታለም።»

«አንተ አይተሃታል?»

«አይቻታለሁ።»

ያኔ ጻፈችው።